እኔ «በጤና ችግር» አይደለም የተሰናበትኩት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰሞኑን ስለ ጡረታ የሚጻፈውን እየተከታተልኩ ነው። ሁሉም የሚያወራው ስለ ስልሳ ዓመት ነው። ስልሳ ሳይሞላን፣ አንዳንዶቻችንማ አርባ እንኳ ሳንደርስ፣ ሥራ ላይ ተጎድተን ቤት የገባን ሰዎች እንዳለን ያስታወሰ አላየሁም። እስቲ እኔ ልጻፍ አልኩ። ረዘም ካለ ታገሡኝ።

የአንድ ወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤት የጥገና ባለሙያ ነበርኩ። የወረዳውን ስም አልጠራም፤ እዚያው ነው የምኖረው፣ ነገም ከሰዎቹ ጋር ሰላም መባባሌ አይቀርም። ሥራዬ የተበላሸ የእጅ ፓምፕ መጠገን ነበር። መቼ ተጎዳህ ብትሉኝ ሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ነው። ጊዜው ትዝ ይላችኋል? ኮሮና ገና ገባ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ፣ መሥሪያ ቤቶች ግማሹን ሠራተኛ ቤት አስቀመጡ። ሬዲዮው ጠዋት ማታ «እጃችሁን ታጠቡ» ይላል። አንድ ቀበሌ ላይ ደግሞ ለመቶ ምናምን አባወራ ያለችው አንዲት ፓምፕ ሞተች። ስልክ ተደወለልኝ፤ ኃላፊዬ «ሂድና አይተህ ና» አለኝ። በቃል። የመስክ ትዕዛዝ የሚፈርም ሰው ቢሮ አልነበረም። ሞተር አስነሥቼ ሄድኩ።

ጥልቅ ጉድጓድ ነው። ቧንቧዎቹ ብረት ናቸው፣ አንዱ ላይ አንዱ እየተጠመደ ወደ ታች የሚወርድ። ስታወጣቸው አንዱን ትስብና በብረት መያዣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ታስሮ ይቆያል፣ ከላይ ያለውን ትፈታለህ፣ እንደገና ትስባለህ። እኔ መፍቻውን ይዣለሁ፣ አንድ ልጅ ደግሞ ገመዱን። አራተኛው ላይ ስንደርስ መያዣው አዳለጠ። ውሃና ጭቃ ነበረበት። ታች ያለው ቧንቧ ሁሉ ከነክብደቱ ወረደ፣ የእኔ ቀኝ እጅ በመያዣውና በጉድጓዱ ክዳን መሀል ነበር። ሕመሙ ወዲያው አልመጣም። መጀመሪያ የሰማሁት ድምፁን ነው። ከዚያ ልጁ «ጋሼ! ጋሼ!» ሲል።

ሐኪሞቹ እጄን ለማትረፍ ሁለት ጊዜ ሞከሩ። በሦስተኛው ከአንጓው በላይ ቆረጡት። ይህን ያህል ስለ እጄ ይበቃል፤ የጻፍኩላችሁ ስለ ወረቀቱ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሐኪም ቤት ወራት ቆየሁ፤ ደሞዜ አልተቋረጠም፣ በዚህ ቢሮዬን አመሰግናለሁ። ቀጥሎ የሕክምና ቦርድ ፊት ቀረብኩ። ቦርዱ የጉዳቴን መጠን ከመቶ 60 ብሎ፣ ለጥገና ሥራ ብቁ አይደለም ብሎ ጻፈ። ቢሮው ሌላ ቦታ ይፈልግልሃል ተባልኩ፣ አልተገኘም። በመጨረሻ የስንብት ደብዳቤ ደረሰኝ። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ «በደረሰባቸው የጤና ችግር ምክንያት ሥራቸውን ማከናወን ስላልቻሉ…»።

የጤና ችግር!

ያኔ ምንም አልመሰለኝም። እጅ ማጣት የጤና ችግር አይደል? ደብዳቤውን ጥቅልል አድርጌ ወደ ማኅበራዊ ዋስትና ሄድኩ። እዚያ ያገኘኋት ሴት ፋይሌን ገለጥ ገለጥ አደረገችና «ወንድሜ፣ አገልግሎትህ ስንት ዓመት ነው?» አለችኝ። ሰባት ዓመት ከሦስት ወር አልኳት። ፊቷ ላይ ያየሁትን እስካሁን አልረሳም። «በዚህ ደብዳቤ ከሆነ ወርኃዊ አበል የለህም፤ ዳረጎት ብቻ ነው የሚከፈልህ፣ አንዴ ተሰጥቶህ ያበቃል» አለችኝ።

እዚህ ጋ ቆም ብዬ ላስረዳ፤ ምክንያቱም እኔ ራሴ ሰባት ዓመት ሙሉ ከደሞዜ በየወሩ 7 በመቶ ሲቆረጥ፣ መንግሥት ደግሞ 11 በመቶ ሲጨምርበት፣ ምን እየገዛሁ እንደነበር አላውቅም ነበር። 275 ብር ከ38 ሳንቲም በየወሩ ትሄዳለች፣ አንድ ቀን አዋጁን ገልጬ አላየሁም። ብዙዎቻችሁም እንደዚያው ናችሁ ብዬ እገምታለሁ።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ስልሳ ሳይሞላው መሥራት ቢያቅተው ሁለት በር አለ። አንዱ የጤና ጉድለት ይባላል። ስኳር፣ ኩላሊት፣ ልብ፣ የአእምሮ ሕመም፣ ከሥራው ጋር ያልተያያዘ ማንኛውም ነገር እዚህ ይገባል። በዚህ በር ለገባ ሰው ዕድሜ ልክ አበል የሚከፈለው 10 ዓመት ካገለገለ ነው። ሲያገኝም የመጨረሻ ሦስት ዓመት አማካይ ደሞዙ 30 በመቶ ሆኖ፣ ከ10 ዓመት በላይ ላገለገለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል። አሥር ዓመት ያልሞላው በአገልግሎቱ ልክ ተሰልቶ አንዴ ይሰጠውና ደህና ሁን ይባላል።

ሁለተኛው በር በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው። እዚህ አገልግሎት አይቆጠርም። ትናንት የተቀጠረም ይሁን ሃያ ዓመት የሠራ፣ ጉዳቱ ከ10 በመቶ ካላነሰና በዚያ የተነሣ ለዘለቄታው መሥራት ካልቻለ የጉዳት ጡረታ አበል አለው፤ ከመጎዳቱ በፊት በነበረው ወር ያገኝ ከነበረው ደሞዝ 47 በመቶ። በሕይወት እስካለ ድረስ። ሲሞትም ሚስቱ የአበሉን ግማሽ፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ እያንዳንዱ ልጁ 20 በመቶ ያገኛሉ። እኔን የሚመለከተኝ በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 714 ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 ተተክቷል።

ተጎድቶ ግን መሥራት ለሚችለውም መላ አለው። እሱ ሥራውን እየሠራ የጉዳት ዳረጎት ይከፈለዋል፤ የደሞዙ 47 በመቶ በ60 ወር ይባዛል፣ ከዚያ በጉዳቱ መጠን። 5,000 ብር ደሞዝ ያለው ሰው ጉዳቱ 20 በመቶ ነው ቢባል 28,200 ብር ነው። ይህን ሳይጠይቁ የቀሩ ሰዎች አውቃለሁ። አንዷ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ጎረቤቴ ናት። ደረጃ ላይ ወድቃ ክርኗ አልታጠፍ ብሎ ቀርቷል፣ «ሥራዬን መች ለቀቅኩና ነው የምጠይቀው» ትለኛለች። እባክሽ ሂጂ ብላት አትሰማኝም።

ወደ እኔ ስመለስ፣ ሴትየዋ ደብዳቤውን መልሳ ሰጠችኝና «ሥራ ላይ ነው የተጎዳኸው ካልክ መሥሪያ ቤትህ እንደዚያ ብሎ ይጻፍልህ፣ የአደጋውን ሪፖርት አያይዞ» አለችኝ። ቀላል ይመስላል አይደል? አሥራ አራት ወር ፈጀ።

የሰው ሀብት ክፍሉ መጀመሪያ «ደብዳቤው በቦርዱ ማስረጃ መሠረት የተጻፈ ነው» አለኝ። የቦርዱን ማስረጃ አየሁት፤ ቦርዱ እጁ መቆረጡን ነው የሚለው እንጂ የት እንደተቆረጠ አይልም፤ እሱ የሐኪም ሥራ አይደለም። እሺ፣ የአደጋ ሪፖርት ስጡኝ አልኩ። የለም። ማን መጻፍ ነበረበት? ኃላፊው። ኃላፊው የት ነው? ሌላ ወረዳ ተዛውሯል። አዲሱ ኃላፊ «እኔ በሌለሁበት ስለሆነ ነገር ምን ብዬ ልፈርም» ይላል፤ እውነቱን ለመናገር በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ሳልፈራ አልቀርም። ግን ያ ሁሉ ሰው ሐኪም ቤት ሊጠይቀኝ መጥቷል እኮ! ብርቱካን ይዘው! ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ያዝናል፣ የሚጽፍ ግን ጠፋ።

የመስክ ትዕዛዝ አለህ? የለኝም። የውሎ አበል የተከፈለበት? አልተከፈለኝም፣ በዚያው ቀን እጄ ሄዶ ማን አበል ያስታውሳል። አንዱማ «ሞተሩን ለግል ጉዳይ ወስደኸው እንዳልነበር በምን እናውቃለን» አለኝ። ይህን ያለኝ ሰው ቤት ሁለት ጊዜ በዓል በልቻለሁ። ሌላው «ጓንት አላደረግክም» አለኝ። ጓንት በሰባት ዓመት አንዴም ተሰጥቶኝ አያውቅም! ሕጉ የሚከለክለው ሆን ብሎ ራሱን የጎዳን ወይም ጠጥቶ አለያም ዕፅ ወስዶ በስካር የተጎዳን ዓይነት ሰው ነው እንጂ ጓንት ያልተገዛለትን አይደለም።

ከዚያማ የምታውቁት ነው። ስብሰባ ላይ ናቸው። መስክ ወጥተዋል። ነገ ና። ማክሰኞ ና። መዝገብ ቤቷ እትዬ ብቻ ናቸው በሄድኩ ቁጥር ፋይሌን አምጥተው የሚያሳዩኝ፣ «አንጀቴን በላኸው ልጄ» እያሉ። ፋይሉ ውስጥ የፈቃድ ጥያቄዎቼ ሁሉ አሉ፤ የሠርጌ ቀን ፈቃድ ሳይቀር። ያ ሚያዝያ ግን ባዶ ነው፤ ምንም እንዳልተፈጠረ ከመጋቢት ቀጥ ብሎ ወደ ግንቦት ይሻገራል።

ያወጣኝ ምን መሰላችሁ? ደብተር።

ያቺ ፓምፕ ያለችበት ቀበሌ የውሃ ኮሚቴ አለው። የኮሚቴው ጸሐፊ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ልጆች ትምህርት ቤት የሚይዙት ዓይነት ሠላሳ ሁለት ገጽ ደብተር አላቸው፣ ገንዘብ የከፈለና ያልከፈለ፣ ፓምፑ የተበላሸበትና የተጠገነበት ቀን ሁሉ እሱ ላይ ነው። አንድ ቀን ተስፋ ቆርጬ፣ ዝም ብዬ ቦታውን ለማየት ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። ደብተሩን አመጡልኝ። በእስክሪብቶ፣ ሰበር ሰበር ባለ ጽሕፈት፦ «ከወረዳ የመጣው የጥገና ሠራተኛ ቧንቧ ሲያወጣ ቀኝ እጁ ስለተጎዳ በአምቡላንስ ሄደ። ፓምፑ ሳይጠገን ቀረ።» ቀኑ አለ። ሰዓቱ አለ። ሦስት የኮሚቴ አባላት ፈርመውበታል፣ አንዷ በጣት አሻራ።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ሲባል ተማሪ ቤት ሰምቼ ነበር። እኔን ያወረሰኝ የሠላሳ ሁለት ገጽ ደብተር ነው። ኮፒ አስደርጌ፣ ቀበሌው ማኅተም አድርጎበት፣ የአምቡላንሱን መዝገብ ከጤና ጣቢያ አስወጥቼ ወደ ቢሮ ተመለስኩ። በአሥር ቀን ውስጥ ደብዳቤው ተስተካከለ። «በጤና ችግር» የሚለው ወጥቶ «በሥራ ላይ እያሉ በደረሰባቸው ጉዳት» የሚል ገባ። ሌላ አንድም ነገር አልተቀየረም። ያው እጅ ነው፣ ያው ቦርድ፣ ያው 60 በመቶ።

አበሌ ስንት ወጣ? ደሞዜ 3,934 ብር ነበር። 47 በመቶው 1,848 ብር ከ98 ሳንቲም። ምስጋና ቢስ እንዳትሉኝ፣ ከምንም ይሻላል፤ ባለቤቴ እንጀራ እየጋገረች ትሸጣለችና በላዩ ሲደመር ኖረናል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ስሌቱ ከመጎዳቴ በፊት በነበረው ወር ደሞዝ ላይ ተቸንክሮ ቀርቷል። የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደሞዝ በ2017 ዓ.ም. 4,760 ብር ሆነ፣ ከ2018 መስከረም ጀምሮ 6,000። ሙሉ እጅ ኖሮኝ ስሠራ የነበረኝ ደሞዝ ዛሬ ከጽዳት ሠራተኛ መነሻ በታች ነው ማለት ነው፤ የእኔ አበል ደግሞ የዚያ ግማሽ እንኳ የማትሞላ። አልፎ አልፎ ለጡረተኛ ጭማሪ ይደረጋል፣ አልካድኩም፣ አሁን የምቀበለው ከመጀመሪያው ከፍ ይላል። ስልሳ ሞልቶት የወጣ ሰው ግን ቢያንስ በዕድሜው ሙሉ ያደገ ደሞዝ ላይ ነው የሚሰላለት። በሠላሳ አራት ዓመቱ የተጎዳ ሰው የሚሰላለት የጀማሪ ደሞዝ ላይ ነው፣ ዕድገቱ ሁሉ እዚያው ጉድጓድ አፍ ላይ ይቀራል። ለምንድነው የጉዳት አበል የሥራ መደቡን ደሞዝ ተከትሎ የማያድገው? መደቡ አለ፣ ደረጃው አለ፣ ስኬሉ ሲቀየር በየቢሮው ይለጠፋል። ይህን ለማስላት አንድ የሂሳብ ሠራተኛ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል።

ሥልጣን ያላችሁ ሰዎች ይህን ካነበባችሁ ግን ከገንዘቡ በፊት የምለምናችሁ ወረቀቱን ነው። አንድ ሠራተኛ በተጎዳበት ዕለት ወይም በማግስቱ የአደጋ ሪፖርት ይጻፍ፣ ኮፒው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ይሰጥ፤ ያልጻፈ ኃላፊ ይጠየቅ። አሁን ጉዳቱ የተያዘው በተጎጂው ጓደኞች ትዝታ ውስጥ ነው፣ ጓደኛ ደግሞ ይዛወራል። ቅር የተሰኘ ሰው ወደ ማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ መሄድ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ይግባኝ ግን የሚባለው እጅ ላይ ማስረጃ ሲኖር ነው።

እናንተም ተጎጂዎች፣ ወይም ገና ያልተጎዳችሁ (እግዜር ይጠብቃችሁ)፣ መስክ ስትወጡ አንድ መስመርም ቢሆን በጽሑፍ ይሁን። በስልክ መልእክት እንኳ፤ «ዛሬ እዚህ ቀበሌ ለዚህ ሥራ ወጥቻለሁ» ብላችሁ ለኃላፊያችሁ ላኩ፤ ይቀመጣል። ከተጎዳችሁ ደግሞ ሐኪም ቤት ካርድ ስታወጡ «እንዴት ተጎዳህ» ሲሏችሁ «ወደቅኩ» ብቻ አትበሉ። «ሥራ ላይ ወደቅኩ» በሉ። ያቺን አንዲት ቃል ሐኪሙ ሲጽፋት እዩት። በመሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ ወደ ሥራ ስትሄዱ ወይም ስትመለሱ የሚደርስባችሁም እንደ ሥራ ላይ ጉዳት ይቆጠራል፣ ይህን የማያውቅ ብዙ ነው። የስንብት ደብዳቤ ሲሰጣችሁ ደግሞ እዚያው ቆማችሁ አንብቡት። እኔ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት፤ አሥራ አራት ወር ከፈልኩበት።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ፣ እሱን ሳልል ብፈርም እንቅልፍ አይወስደኝም። ገመዱን የያዘው ልጅ። የቀን ሠራተኛ ነበር። ቧንቧው ሲወርድ ገመዱ መዳፉን ልጦ እስከ አጥንቱ ወስዶታል፤ ሁለት ጣቶቹ ዛሬም አይታጠፉም። እሱ ቋሚ ስላልሆነ የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አይመለከተውም። የሁለት ቀን ሕክምና ተከፈለለት፣ ከዚያ በኋላ ማንም አልጠራውም። አንድ ጉድጓድ፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ መያዣ ነው የጎዳን። ደብተሩ ላይ እንኳ ስሙ የለም፤ «ከወረዳ የመጣው» እኔ ነኝ፣ እሱ የሰፈሩ ልጅ ስለሆነ መጻፍ አላስፈለጋቸውም። አሁን ባጃጅ ይነዳል። ገበያ ቀን ካገኘኝ ያሳፍረኛል፣ ሂሳብ አይቀበለኝም፣ እኔ ደግሞ በዚያ በኩል ቀና ብዬ ላየው አልችልም።

ባንክ ቤት መጀመሪያ አበሌን ልወስድ ስሄድ ልጅቷ «ፊርማዎ አይመሳሰልም» ብላ መልሳኝ ነበር። ቀኝ እጄን ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋት። ደነገጠች፣ ይቅርታ ጠየቀችኝ፣ ከዚያ አዲስ ፎርም አምጥታ በግራ እጄ አስፈረመችኝ። ፊርማዬ ያኔ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ይመስል ነበር፤ አሁን ተሻሽሏል። ይህንንም ስልኬ ላይ በግራ አውራ ጣቴ ነው የጻፍኩት፣ ሦስት ምሽት ፈጅቶብኛል። የፊደል ግድፈት ካያችሁ አርሙልኝ። ስሜ ለጊዜው እናንተው ዘንድ ይቆይ።

ከአንባቢያችሁ፣ የቀድሞ የውሃ ጥገና ባለሙያ